ኤሲ ሲበራ የሚሰማ ጉርምርምታ፦ ኮምፕረሰሩ እንዳለ መቀየር ይኖርበታል?

ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁ። የመኪናዬን ኤሲ ባበራሁ ቁጥር ከሞተሩ የፊት ክፍል ወፍራም ጉርምርምታ ይሰማል፤ ነዳጅ ስሰጥ ድምፁ አብሮ እየቀጠነ ይሄዳል፤ ኤሲውን ሳጠፋው ደግሞ ይቀንሳል እንጂ ጨርሶ አይጠፋም። ቅዝቃዜው እንደ ቀድሞው ነው። ያየው መካኒክ ጥቂት አዳምጦ ኮምፕረሰሩ (የኤሲውን ጋዝ የሚያምቀው ክፍል) እንዳለ እንዲቀየር ነገረኝ። ወደዚያ ወጪ ከመግባቴ በፊት ድምፁ በእርግጥ ከኮምፕረሰሩ ውስጥ መምጣቱን በምን መለየት እንደምችል ብታስረዱኝ ደስ ይለኛል። ኮምፕረሰሩ በማግኔት ክላች የሚሠራ ዓይነት ነው።

ምላሽ 1

ኤሲው በደንብ እያቀዘቀዘ ኮምፕረሰሩ ይቀየር መባሉ የቸኮለ ፍርድ ይመስለኛል። ድምፁን በጆሮ ብቻ ከመፈለግ ይልቅ ምን ሲለወጥ ድምፁም እንደሚለወጥ መከታተል ይሻላል። በመጀመሪያ ሞተሩን ሳያስነሱ ቁልፉን ብቻ ከፍተው የነፋሹን ፍጥነት ይለዋውጡ፤ ድምፁ በዚህ ጊዜ ከተሰማ ጉዳዩ ከዳሽቦርዱ ሥር ያለው ብሎወር ነው፤ ብዙ ጊዜም ቅጠል ገብቶበት ይገኛል። የእርስዎ ድምፅ ግን ከሞተሩ ፍጥነት ጋር ስለሚሄድ ብሎወሩም ሆነ በራሱ የኤሌክትሪክ ሞተር የሚዞረው የኮንደንሰር (የጋዙን ሙቀት ወደ ውጭ የሚያስወጣው ክፍል) ፋን ከጥርጣሬ ነፃ ናቸው ማለት ይቻላል።

የሚቀሩት ቺንጋው የሚያዞራቸው ክፍሎች ናቸው። የኮምፕረሰሩ ፑሊ (ቺንጋው የሚያዞረው ክብ ክፍል) ኤሲው ቢጠፋም ሞተሩ እስከሠራ ድረስ በራሱ ኩሽኔታ (ኳሶች ያሉት የማዞሪያ ቀለበት) ላይ ይዞራል፤ የኮምፕረሰሩ ዘንግ የሚዞረው ግን ማግኔቱ የክላቹን ሳህን ስቦ ከፑሊው ጋር ሲያጣብቀው ብቻ ነው። ስለዚህ ኤሲው እንደጠፋ አብሮ የሚጠፋ ማንኳኳት ወደ ኮምፕረሰሩ ውስጥ ያመለክታል፤ ቀንሶ የሚቀጥል ጉርምርምታ ግን ኩሽኔታን ያስጠረጥራል፤ ምክንያቱም ኤሲው ሲበራ ቺንጋው ላይ የሚያርፈው ጫና ስለሚጨምር የደከመ ኩሽኔታ ይበልጥ ይጮሃል። የቺንጋው መወጠሪያም በዚሁ ጥርጣሬ ውስጥ ነው። ሞተሩ ጠፍቶ ከቀዘቀዘ በኋላ ቺንጋውን አውልቀው እያንዳንዱን ፑሊ በእጅ ያዙሩት፣ ወደ ጎንም ይነቅንቁት።

ምላሽ 2

የጋዝ ማነስም ድምፅ ያመጣል። ጥቂት ጋዝ ቢጨመርበት ሊስተካከል ይችላል፤ ከሁሉም ቀላሉ እሱ ነው።

ምላሽ 3

በዚህ አልስማማም። የጋዝ ማነስ በአብዛኛው የሚታወቀው ቅዝቃዜው ሲቀንስ፣ ክላቹ ቶሎ ቶሎ እየያዘ ሲለቅና ከዳሽቦርዱ ውስጥ የፉጨት ድምፅ ሲሰማ ነው። (ኤሲው እንደጠፋ ለአፍታ የሚሰማው ሽሽታ ግን ግፊቱ ሲስተካከል የሚፈጠር ነውና አያሳስብም።) ሳይለኩ መጨመር ደግሞ ጉዳት አለው፤ ትርፍ ጋዝ ግፊቱን ከመጠን በላይ ያደርሰዋል፤ ፈሳሽ እንደሆነ ወደ ኮምፕረሰሩ ከተመለሰም ፈሳሽ አይታመቅምና ቫልቮቹን ሊሰብር ይችላል። ትክክለኛው መጠን አብዛኛውን ጊዜ በኮፈኑ ሥር ባለው መለያ ላይ በግራም ተጽፎ ይገኛል፤ የሚሞላውም በሥርዓቱ ውስጥ ያለው በማሽን ከወጣና መስመሩ በቫኪዩም ከደረቀ በኋላ በሚዛን ነው። ጋዙን ወደ አየር መልቀቅም አይገባም፤ በብዙ መኪኖች ኤሲ ውስጥ ያለው አር 134ኤ የተባለው ጋዝ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ1,000 እጥፍ በላይ ምድርን ያሞቃል፤ ከዜሮ በታች 26 ዲግሪ ላይ ስለሚፈላም ቆዳን ያቆስላል።

ከጠያቂው

ቺንጋውን አወለቅሁት። የኮምፕረሰሩ ፑሊ ሲዞር አሸዋ እንደገባበት ይሻክራል፤ ሲነቀነቅም ይወዛወዛል። ፊቱ ላይ ያለው የክላች ሳህን ግን ወጥ በሆነ ክብደት ይዞራል፤ መወጠሪያውም ደህና ነው። ኩሽኔታውን ብቻ መቀየር ይቻላል? ጋዙስ መውጣት ይኖርበታል?

ምላሽ 1

ይቻላል፤ ኩሽኔታው ከጋዙ መስመር ውጭ ስለሆነ ቦታው እጅ እስካስገባ ድረስ ጋዙ ሳይነካ ይሠራል። የባትሪው ገመድ ይለቀቅ፤ ሳህኑ ከዘንጉ ላይ በመንቀያ ይውጣ እንጂ በካቻቢቴ አይፈልፈል፤ ከዚያ ማሰሪያ ቀለበቱ ተነስቶ ፑሊው ይወጣል። አዲሱ ኩሽኔታ ፑሊው ውስጥ ሲገባ በውጭኛው ቀለበቱ ላይ ብቻ ይገፋ፤ የውስጠኛው ቀለበት ከተመታ ኳሶቹ ገና ሥራ ሳይጀምሩ ይጎዳሉ።

ብዙዎች የሚዘነጉት በሳህኑና በፑሊው መካከል ያለውን ክፍተት ነው። በአብዛኞቹ መኪኖች ከ0.3 እስከ 0.6 ሚሊሜትር አካባቢ ቢሆንም የአምራቹን ቁጥር መከተል ያስፈልጋል፤ የሚስተካከለውም በዘንጉ ጫፍ ላይ በሚቀመጡ ስስ ሮንዴላዎች ነው። ክፍተቱ ከጠበበ ሳህኑ ኤሲው ጠፍቶም እየተፋተገ ይጮሃል፤ ከሰፋ ደግሞ ማግኔቱ ሲሞቅ መሳብ ያቅተዋል።

ፑሊው ሲወጣ ከጀርባው የዘይት እርጥበት ካገኙ ግን ሥራውን እዚያው ያቁሙት፤ የዘንጉ ማኅተም እያፈሰሰ ነውና ያን ጊዜ ኮምፕረሰሩን መቀየር ያስኬዳል፤ ማድረቂያውም (ከጋዙ መስመር እርጥበት የሚመጥጠው ክፍል) አብሮ ይቀየራል። ከወጣው ዘይት ውስጥ የብረት ብናኝ ከታየ ኮንደንሰሩም ይጨመርበት፤ የዘመናዊ ኮንደንሰር ቀጫጭን መተላለፊያዎች በእጥበት ስለማይጠሩ የቀረው ብናኝ አዲሱን ኮምፕረሰር ያበላሸዋል።