የልጆች ካርቱን፦ የሪሲቨር ቁልፍ ለምን አይይዝም? ስንት ሰዓትስ ይበቃል?

እናት ከደሴ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሁለት ዲሽ አለን፤ አንዱ ኢትዮሳት፣ አንዱ ናይልሳት። የ4 ዓመቱ ልጅ ቀኑን ሙሉ ሲያልቅ በማይታይ የናይልሳት የዓረብኛ ካርቱን ቻናል ላይ ይውላል፣ ሲጠፋበት ያለቅሳል። ሪሲቨሩን ብንቆልፈውም የ9 ዓመቱ ወንድሙ ከፈተው። ምን ይሻላል? ጥሩውን ፕሮግራምስ በምን እለየዋለሁ?

ዲሽ ሠሪ፦
አብሽሪ እህቴ። አብዛኛው ሪሲቨር 0000 ወይም 1234 ይዞ ነው የሚመጣው፤ ይህን ደግሞ የሰፈር ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። ቁጥሩን ቀይረሽም ቻናሉን ብቻ ቆልፈሽ ሜኑውን ክፍት ከተውሽው፣ ልጁ እንደ አዲስ ሰርች ሲያደርግ ቻናሎቹ ሳይቆለፉ ይመለሳሉ። ስለዚህ ቁጥሩን ቀይሪ፣ ሜኑውንም ቆልፊ፣ የማትፈልጊያቸውን ቻናሎች ደግሞ ሰርዢያቸው። ሶፍትዌር ከተጫነ በኋላ ቁልፉ እንዳለ ሁልጊዜ እዪ።

ከዚህ ሁሉ ግን ኬብሉን መፍታት ይሻላል። ሁለቱ ኬብሎች የሚገናኙባት ትንሽ ስዊች አለች። መጀመሪያ ሪሲቨሩን ከሶኬት ንቀይ፤ በኬብሉ ከ13 እስከ 18 ቮልት ስለሚያልፍ፣ ውስጡ ያለው ሽቦ ከውጭው ጋር ከተነካካ ሪሲቨሩ ሊበላሽ ይችላል። ከዚያ የናይልሳቱን ፍቺና ጫፉን በፕላስተር ጠቅልዪው፤ የክረምቱ ዝናብ ከገባበት ያበላሸዋል። ደሴ ላይ ወደ ጦሳ፣ ወደ ምዕራብ የዞረው ናይልሳት ነው። ኢትዮሳት ወደ ምሥራቅና ደቡብ መሀል ዞሮ ወደ ሰማይ በጣም ቀና ያለው ነው።

የሕፃናት መምህርት፣ ኮምቦልቻ፦
በሰዓቱ ጉዳይ የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ያወጣው መመሪያ ከ2 እስከ 4 ዓመት ላሉት በቀን ከ1 ሰዓት እንዳይበልጥ፣ ከዚያ ካነሰ ደግሞ የተሻለ እንደሆነ ይላል። ከ2 ዓመት በታች አይመከርም።

ጥሩውን ለመለየት አንድ ደቂቃ ቁጭ ብለሽ ምስሉ ስንት ጊዜ እንደተቀያየረ ቁጠሪ። በየሁለት ሦስት ሰከንዱ የሚዘል ከሆነ ለ4 ዓመት ልጅ ፈጣን ነው። በ2011 እ.ኤ.አ. ፔዲያትሪክስ በተባለው የሕክምና መጽሔት በወጣ ጥናት፣ ፈጣን ካርቱን 9 ደቂቃ ብቻ ያዩ የ4 ዓመት ልጆች ወዲያው ሲፈተኑ፣ ትኩረትና ትዕግሥት በሚጠይቁ ሥራዎች ሥዕል ሲሥሉ ከቆዩት አንሰው ተገኝተዋል። የተለካው የዚያች ሰዓት ውጤት እንጂ ዘላቂው አይደለም፤ ከካርቱን በኋላ ለሚመጣው ቁጣ ግን አንድ ፍንጭ ይሰጣል። ጥሩ ፕሮግራም ቀስ ይላል፣ ልጁን ጠይቆ መልሱን ይጠብቃል፣ ያልቃልም። አባባ ተስፋዬ ከ40 ዓመት በላይ ልጆችን ያነጋገሩት በተወሰነ ሰዓት ነበር፤ ዛሬ ሰዓቱን የሚወስንልን ጣቢያ ስለሌለ ቤቱ ራሱ መወሰን አለበት።

ሲጠፋ እንዳያለቅስ ክፍሉ ሲያልቅ እንጂ መሀሉ ላይ አታጥፊው። ከ5 ደቂቃ በፊት ንገሪው፤ ቀጥሎ የሚሠራውንም አዘጋጂለት፣ ለምሳሌ ረከቦቱ ላይ ሲኒ መደርደር። አልቅሶ ካበራሽለት በሚቀጥለው ጊዜ የባሰ ያለቅሳል።

የሐይቅ ዳር፦
ኬብሉን መፍታት ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ናይልሳቱን ብትፈቺውም ወደ አማርኛ የተመለሱት የአዋቂ ድራማዎች በኢትዮሳት ይገባሉ፤ እነሱን ደግሞ ልጁ ከዓረብኛው ካርቱን የበለጠ ይረዳቸዋል። ዱላውም ክህደቱም በገዛ ቋንቋው ነው የሚደርሰው። ቡና ሲፈላ ቴሌቪዥን ከፍቶ መተው በየቤቱ ተለምዷል፤ ልጁ ባያየውም ድምፁ ጨዋታውን ይቆራርጥበታል፣ አዋቂዎቹም ከእሱ ጋር የሚያወሩት ይቀንሳል። ገና አፉን እየፈታ ላለ ሕፃን ይህ ትልቅ ጉዳት ነው። በቡና ሰዓት ይጥፋ፤ ድራማው ልጆች ከተኙ በኋላ በድጋሚው ይታይ።

እናት ከደሴ፦
አላህ ይስጥልኝ። ስልኩስ?

የሕፃናት መምህርት፣ ኮምቦልቻ፦
ዩቲዩብ ላይ ሴቲንግ ውስጥ ገብተሽ በራሱ ወደ ቀጣዩ ቪዲዮ የሚያልፈውን አጥፊ። የመረጥሽውን አስቀድመሽ አውርደሽ ዳታውንም ዋይፋዩንም ዘግተሽ ስጪው። ስልኩ ላይ የሚያየውም ከዚያችው ከ1 ሰዓቷ ይቆጠራል።