የሠርግ ቪዲዮ ካሴት ወደ ላፕቶፕ ለመገልበጥ የትኛውን ዕቃ ልግዛ? (ሀዋሳ)

ሐይቅ ዳር
ሰላም ወገኖች እንዴት ናችሁ። የእናትና አባቴ ሠርግ በ1987 እዚሁ ሀዋሳ የተቀረጸ የቪኤችኤስ ካሴት አለ፣ ከሱ ሌላ የወንድሜ ክርስትና ምናምን፣ አጎቴ ከአሜሪካ የላከውም አንድ አለ፣ ባጠቃላይ ስድስት ናቸው። አባቴ ካረፈ ሶስት ዓመቱ ነው፣ ድምፁ ያለው እዛ ውስጥ ብቻ ነው ስለዚህ እንደነገሩ እንዲሠራ አልፈልግም። ባለፈው አንዱን ለአንድ ቪዲዮ ቤት ሰጥቼ በፍላሽ መለሱልኝ፣ የሁሉም ሰው ፊት ወደ ጎን ተለጥጧል፣ እናቴ የገዛ እህቷን ለመለየት ተቸግራ ነበር። ድምፁም መጀመሪያ ላይ ደህና ሆኖ ወደ መጨረሻው ሽማግሌው አፋቸውን ከዘጉ በኋላ ነው ምርቃቱ የሚሰማው። አሁን ራሴ ልሠራው ወስኛለሁ፣ የካሴት ማጫወቻ ዴክ ከጎረቤት አግኝቻለሁ። ኦንላይን የማየው ሁለት ዓይነት ነው፣ አንዱ ቢጫ ነጭ ቀይ ገመድ ተሰክቶበት በዩኤስቢ ላፕቶፕ ላይ የሚገባ ትንሽዬ ነገር፣ ሌላው ወደ ኤችዲኤምአይ የሚቀይር ሳጥን። ኤችዲኤምአዩ ጥራቱ ይበልጣል ይሉኛል፣ እውነት ነው?

ቀራጭ ነበርኩ
እህቴ ኤችዲኤምአዩን እንዳትገዢ። ያ ፊት የተለጠጠው ምናልባት በሱ ዓይነት ሳጥን ስለሠሩት ነው። የድሮ ካሴት ሥዕሉ 4 በ3 ነው፣ ርካሹ ሳጥን ግን ለአሁኑ ሰፊ ቲቪ እንዲሆን ወደ 16 በ9 ይጎትተዋል፣ ጥራት ደግሞ አይጨምርም ካሴቱ ላይ የሌለውን ከየት ያመጣል። ዩኤስቢውን ያዢ፣ ሶፍትዌሩ ላይ ፓል የሚለውን የቪዲዮ ሥርዓት መርጠሽ 720 በ576፣ በሰከንድ 25 ፍሬም (ነጠላ ሥዕል) አድርጊው፣ እኛ አገር የተቀረጸው በዛ ነው።

የድምፁ ነገር ሌላ ነው እሱን በደንብ ላስረዳሽ። ክሩ ሲያረጅ ሥዕሉ ከዴኩ እኩል እኩል እየተመጠነ አይወጣም፣ ይንቀጠቀጣል፣ ርካሽ ዕቃ ሲምታታበት ፍሬም ይጥላል፣ ድምፁ ግን ሳይቋረጥ ይቀጥላል፣ እንዲህ እያለ ትንሽ ትንሽ ሲጠራቀም በሰዓቱ መጨረሻ ላይ አፍና ድምፅ ይለያያል። መፍትሔው ሥዕሉን መሃል ላይ የሚያስተካክል ነገር ነው፣ ለዚህ የተሠራው ቲቢሲ ይባላል ውድ ነው። እኔ የምጠቀመው የድሮ ዲቪዲ ሪኮርደር ነው፣ ማጫወቻ ብቻ የሆነውን አይደለም የሚቀዳውን፣ ፓናሶኒክ ኢኤስ10 እና ኢኤስ15 በዚህ የታወቁ ናቸው። ከዴኩ ወደ ሪኮርደሩ፣ ከሪኮርደሩ ወደ ዩኤስቢው፣ ዲስክ ሳትከቺ ዝም ብሎ እንዲያሳልፍ ብቻ። የድሮ ፎቶ ቤቶች ጋ አቧራ ለብሶ የተቀመጠ አይጠፋም ጠይቂ።

ጥገና ሰፈር
ከላይ ያለው ወንድሜ ትክክል ነው ግን ከመግዛትሽ በፊት ካሴቶቹን እያቸው። ሀዋሳ እርጥበት አለ። የስልክሽን መብራት አብርተሽ በካሴቱ መስኮት በኩል የተጠቀለለውን ክር ጠርዝ ተመልከቺ፣ ዱቄት የመሰለ ነጭ ነገር ካለ ሻጋታ ነው፣ እሱን ዴክ ውስጥ እንዳትከቺው፣ ሄዱን፣ ማለትም ክሩን የሚያነበውን ክፍል ያበላሻል ከዛ ወደ ጤነኞቹም ያጋባል። ዴኩንም ራሱ ሄዱን አጽጂው፣ በጥጥ እንዳይሆን፣ የጥጡ ክር ሄዱ ላይ ተይዞ ይሰብረዋል። ንጹህ ነጭ ወረቀት በአይሶፕሮፒል አልኮል አርጥበሽ ሄዱ ያለበት የሚሽከረከረው ከበሮ ላይ ሳትጫኚ ያዢው፣ ከበሮውን በሌላ እጅሽ ቀስ ብለሽ አዙሪው፣ ወረቀቱን ወደላይ ወደታች እንዳታደርጊ። ካሴቱን ደግሞ ከማጫወትሽ በፊት እስከ መጨረሻው ወስደሽ መልሺው፣ ለዓመታት ሳይነካ ስለቆየ ክሩ ተጣብቆ ሊሆን ይችላል። ቀዩን የመቅጃ ቁልፍ ተሳስተሽ ብትጫኚ እንዳይጠፋ ጀርባው ላይ ያለችውን ትንሽ ፕላስቲክ ስበሪያት፣ ከዛ በኋላ ማንም ተሳስቶ ላዩ ላይ መቅዳት አይችልም።

ሐይቅ ዳር
እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁለታችሁም። አሁን አየኋቸው፣ አምስቱ ንጹህ ናቸው፣ የክርስትናው ግን ጠርዙ ላይ ነጭ ነገር አለበት 😔 የሠርጉ ደህና ነው ተመስገን። የአጎቴን ለሙከራ ዴኩ ላይ ከትቼው ነበር ጥቁርና ነጭ ሆኖ ሥዕሉ ይሽከረከራል፣ ተበላሽቷል ማለት ነው?

ቀራጭ ነበርኩ
አልተበላሸም፣ ከአሜሪካ የመጣ ስለሆነ ኤንቲኤስሲ በሚባለው በእነሱ አገር የቪዲዮ ሥርዓት ነው የተቀረጸው፣ በሰከንድ ወደ 30 ፍሬም። ብዙ ዴኮች ያነቡታል፣ ሶፍትዌሩ ላይ ፓል የሚለውን ወደ ኤንቲኤስሲ ወይ ፓል 60 (የሁለቱ ድብልቅ) ቀይሪና ሞክሪ። እምቢ ካለ ኤንቲኤስሲ የሚያነብ ዴክ ፈልጊ።
ሌላው፣ መብራት ሊጠፋ ይችላልና ኦቢኤስ የሚባለው መቅጃ ሶፍትዌር ከሆነ የምትጠቀሚው ፋይሉን በኤምኬቪ አድርጊው፣ ተራው ኤምፒ4 ከሆነ መሃል ላይ ሲቋረጥ ሙሉውን ልታጪው ትችያለሽ። ሠርጉን መጀመሪያ እንዳትነኪው፣ በማያሳዝንሽ ካሴት አንድ ሰዓት ቅጂና መጨረሻው ላይ አፍና ድምፁ መግጠሙን እይ።

ጥገና ሰፈር
የሻገተውን ለብቻው በፕላስቲክ አሽገሽ አስቀምጪው፣ እንዳትጥዪው። ከኋላው አምስት ብሎን አለ፣ ተከፍቶ ሊጸዳ ይችላል፣ ሀዋሳ እስካለሽ ድረስ እኔ አሳይሻለሁ፣ የማንፈልገውን ዴክ ይዘን ነው የምንሠራው። በውስጥ ጻፊልኝ።

ሐይቅ ዳር
እሺ ወንድሜ ጻፍኩልህ። ሪኮርደሩን ፒያሳ አካባቢ አንድ ፎቶ ቤት አለን ብለውኛል፣ ነገ ከዴኩ ጋር ይዤ ሄጄ እዛው ሰክቼ አየዋለሁ። እናቴ የሠርጉን መቼ ነው የምናየው እያለችኝ ነው፣ የአንድ ሰዓቱን ሙከራ ሳልጨርስ አልነካውም ብያታለሁ።