ለወገብ ሕመም የኦስቲዮፓቲ ሕክምና (ጡንቻንና መገጣጠሚያን በእጅ መጫንና ማንቀሳቀስ) ይረዳል?

ጠያቂ፦ ዳላስ ታክሲ ስነዳ 11 ዓመት ሆነኝ። ከመኪናው ስወርድ ወገቤ አልቃና ይለኛል፤ በሩን ይዤ እቆማለሁ። ኦስቲዮፓት የሆነችው ሐኪሜ በእጄ ላክምህ አለችኝ። በጥናት የተደገፈ ነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ይማርህ። ነርስ ነኝ። በአሜሪካ ኦስቲዮፓት መድኃኒት የሚያዝዝ፣ ቀዶ ሕክምናም የሚሠራ ሙሉ ሐኪም ነው፤ እንደ ወጌሻ ብቻ አትያት። እዚያው ቴክሳስ 455 ሰዎች የተሳተፉበት፣ በ2013 የታተመ ጥናት አለ፤ በስምንት ሳምንት 6 ጊዜ በእጅ የታከሙት የማስመሰያ ሕክምና ካገኙት ይልቅ ሕመማቸው ቀለል ብሎላቸዋል።

ሌላ መልስ፦ በ2021 የወጣው የፈረንሳይ ጥናት ግን በ400 ሰዎች ላይ ያገኘው ልዩነት ትንሽ ነው። የሰው እጅ ሲያርፍብን ብቻውን ያሳርፈናል፤ ያንን ከሕክምናው መለየት ከባድ ነው።

ነርሷ፦ እውነት ነው። እኔ ግን ሞክረው እላለሁ። እግርህ ከደነዘዘ ወይም ሽንትህ ካመለጠህ ዛሬውኑ ድንገተኛ ክፍል ሂድ።