ምስጢሯን ጠብቄ ወይስ ለሕግ አሳውቄ? ምክራችሁን እሻለሁ

በባሕር ዳር የሶሻል ወርክ ተማሪ ስሆን፣ የመስክ ልምምዴን የማደርገው ከከተማዋ ወጣ ብሎ በጣና ዳርቻ በሚገኝ አንድ ቀበሌ ነው። እዚያ የማገኛት የ15 ዓመት ተማሪ ሽማግሌ ተልኮ ጥሎሽ እንደተቆረጠላትና ከጥምቀት በኋላ ሊድሯት እንደሆነ ከነገረችኝ በኋላ፣ የነጠላዋን ጫፍ እየፈተለች «እትዬ፣ ለማንም እንዳትነግሪብኝ፤ አባቴ ከትምህርት ቤት ያስቀረኛል» ብላ ለመነችኝ።

የጋብቻ ዕድሜ 18 ዓመት መሆኑን፣ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 648ም ያለ ዕድሜ ጋብቻን እንደሚያስቀጣ አውቃለሁ። በ2018 እ.ኤ.አ. የጸደቀው ዓለም አቀፍ የሶሻል ወርክ የሥነ ምግባር መርሆዎች መግለጫም ምስጢር እንድንጠብቅ ሲያዝዝ፣ በባለጉዳዩ ወይም በሌላ ሰው ላይ ጉዳት የሚያሰጋ ከሆነ ግን ገደብ ያበጅለታል። ስለዚህ ዝም ማለት እንደማይገባኝ አልጠራጠርም።

የጨነቀኝ አካሄዱ ነው። በመስክ የሚቆጣጠሩኝ ባለሙያ ጉዳዩን ባነሣላቸው (ስሟን አልገለጽኩም) «የቤተሰብ ነገር ነው፤ በሽማግሌ ይለቅ» አሉኝ፤ እሳቸው በአካባቢው የተከበሩ ሰው ናቸው፣ እኔ ደግሞ ውጤቴን የሚሞሉልኝ ተማሪ ነኝ። የልጅቷ እናትም በሄድኩ ቁጥር ቡና አፍልተው «ልጄ» እያሉ ነው የሚቀበሉኝ፤ ይህን ቀረቤታ ሳላፈርስ የባለሙያነት ድርሻዬን የት ላይ ላስምር?

በሙያው የቆያችሁ፣ እባካችሁ ምከሩኝ፦ ለልጅቷ ምስጢሯን እስከ መጨረሻው መያዝ እንደማልችል በምን ቃል ልንገራት? ደግሞስ በቅድሚያ ወደ ዩኒቨርሲቲ አማካሪዬ ልሂድ፣ ወይስ በቀጥታ ወደ ሴቶች፣ ሕጻናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት?