ከወቅቱ ውጪ የተነሣን የአትላንቲክ ማዕበል ምንነት ለመለየት እርዳታ እፈልጋለሁ

የአትላንቲክ የሀሪኬን (በተለምዶ ከሞቃት ባሕር የሚነሣ ብርቱ አውሎ ነፋስ) ወቅት ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 ቢሆንም፣ አሁን በጃንዋሪ ከአዞረስ ደሴቶች በስተደቡብ የሚሽከረከር አንድ ማዕበል በሳተላይት ምስል እየተከታተልሁ ነው፤ ምንነቱን መለየት ግን አቅቶኛል። ሙቀትንና ቅዝቃዜን በሚያሳየው የኢንፍራሬድ ምስል መሃል ላይ ዓይን የሚመስል ጠቆር ያለ ክብ ይታያል፤ ዙሪያውን የከበበው ደመና ግን አናቱ ብዙም አልቀዘቀዘም፣ ማለትም ከፍታው አነስተኛ ነው። ባሕሩ ለሀሪኬን መነሻ ከሚባለው 26.5 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች መሆኑ ብቻውን መልስ አይሆነኝም፤ በጃንዋሪ 2016 አሌክስ የተባለው ማዕበል የላይኛው አየር እጅግ ቀዝቃዛ ስለነበር በእንዲህ ያለ ውኃ ላይ ሀሪኬን ሆኗልና። ታዲያ የማዕበሉ መሃል እንደ ሀሪኬን መሃል ሞቃት መሆኑን ከምስል ብቻ መረዳት ይቻላል? የአየሩን እርጥበት በሚያሳየው የውኃ ትነት ምስል ላይ ደረቅ አየር እስከ መሃሉ ተጠምጥሞ መግባቱስ ምን ያመለክታል? ነገሩ እጅግ ስላጓጓኝ፣ ልምዱ ያላችሁ ሁሉ የትኛውን ምስል አስቀድሜ ማየት እንዳለብኝ ብትጠቁሙኝ ከልብ አመሰግናለሁ።