ጥቅሙ በብር ይቆጠራል፣ ጉዳቱስ በምን?

ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ ሆኜ የማስተርስ መመረቂያ ጽሑፍ እየሠራሁ ነው። ርእሴ የባሕር ጭነት የሚያስገኘው ጥቅምና በአካባቢ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ነው። (ደሴ ተቀምጠህ ስለ ባሕር ምን አገባህ እንዳትሉኝ፤ ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ የሚራገፈው ኮንቴይነር ጅቡቲ የደረሰው በመርከብ ነው።)

ጥቅሙ አላስቸገረኝም። የወደብ ሠራተኛው፣ ሹፌሩ፣ ትራንዚተሩ (የጉምሩክ ጉዳይ አስፈጻሚው)፣ ሁሉም ገቢው ይታወቃል። ግራ የገባኝ ጉዳቱ ነው። መርከብ ሚዛኑን ለመጠበቅ የሚጭነው ውኃ ሌላ ወደብ ላይ ሲደፋ እንግዳ ፍጥረታት አብረው ይገባሉ። ይህን ለመቆጣጠር በ2004 እ.ኤ.አ. የወጣው ዓለም አቀፍ ስምምነት ሥራ ላይ የዋለው በ2017 ነው። ወደብ ለማጥለቅ ባሕሩ ሲቆፈር ደግሞ ደለሉ ኮራሉን (ባሕር ውስጥ እንደ ድንጋይ ተያይዞ የሚያድገውን ሕያው ፍጥረት) ያፍነዋል። ኮራል እንግዲህ ገበያ ላይ ዋጋ የለው! ዓሣ አጥማጁ ባጣው ገቢ ልተምነው? ወይስ ነዋሪውን «ባሕሩ እንዲጠበቅ ስንት ትከፍላለህ?» ብዬ ልጠይቅ? ይሄኛው አይዋጥልኝም። ደሃው ትንሽ ብር ስለጠራ ባሕሩ ረከሰ ልንል ነው?

ሌላው ደግሞ፣ የኮምቦልቻን የጭነት መኪና ሥራ ከባሕሩ ጥቅም ጋር ልደምረው ወይስ ጅቡቲ ላይ ላቁም? አማካሪዬ «አንተው ወስን» ብሎኛል። እንዲህ ዓይነት ጥናት የሠራችሁ ካላችሁ፣ የቱን እንደመረጣችሁና ለምን እንደሆነ በፈጠራችሁ ንገሩኝ።