ለአጋዘን አደን የቱን አረር ልምረጥ? ዒላማ ላይ የተሻለውን ወይስ ሌላውን?

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ። ለ308 ዊንቸስተር የአደን ጠመንጃዬ ጥይቱን በራሴ እጅ እየሞላሁ መጠቀም ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሆኖኛል። በርሜሉ አረሩን በ12 ኢንች አንድ ዙር የሚያሽከረክር ነው። የማድነው ጫካ ውስጥ ስለሆነ ከ180 ሜትር በላይ ርቆ በቆመ አጋዘን ላይ ተኩሼ አላውቅም። ሰሞኑን ሦስት ዓይነት አረሮችን ከ100 ሜትር ርቀት፣ ከእያንዳንዱ ሦስት ሦስት ጥይት እየተኮስኩ ሞከርኩ። 168 ግሬን (ግሬን የአረርና የባሩድ ክብደት መለኪያ ነው) የሚመዝነው፣ ለዒላማ ተኩስ ውድድር የተሠራው አረር ሦስቱንም በ1.6 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ሰበሰባቸው። እርሳሱ ከመዳብ ልባሱ ጋር የተጣበቀው 165 ግሬን በ3.4፣ ሙሉ በሙሉ ከመዳብ የተሠራው 150 ግሬን ደግሞ በ4.3 ሴንቲ ሜትር ውስጥ አረፉ። ልቤ ወደ ውድድሩ አረር አዘንብሏል፤ ሆኖም ለአደን አይሆንም ሲባል ደጋግሜ እሰማለሁ። እንዲህ አስተካክሎ የሚመታ አረር ለአጋዘን የማይሆነው በምን ምክንያት ነው?

መልስ 1፦

ምክንያቱ አረሩ የተሠራበት ዓላማ ነው። በውድድር አረር ጫፍ ላይ የምትታየው ትንሽ ቀዳዳ፣ አረሩ አካል ውስጥ ሲገባ እንዲከፈት ታስባ የተበጀች አይደለችም፤ ልባሱ ከኋላ ድፍን ሆኖ ተሠርቶ ከፊት ሲጠብ የምትቀር ክፍተት ናት። የኋላው ጠርዝ እንከን ስለማይኖረው አረሩ በትክክል ይበራል፤ እንስሳውን ሲመታ የሚሆነውን ግን አስቀድሞ ማወቅ አይቻልም። አንዳንዴ ሳይከፈት እንደ ወስፌ ሰርስሮ ያልፋል፣ አንዳንዴም አጥንት እንደነካ ይበታተናል።

እኔ ይህን የተማርኩት በእንስሳ ስቃይ ነው። አንድ ወንድ አጋዘን በ70 ሜትር ላይ ትከሻውን መታሁት፤ ወደቀ፣ ተነሣ፣ ሄደ። ደሙን እየተከተልኩ እስኪመሽ ፈልጌ ያገኘሁት በማግሥቱ ነበር። ቆዳውን ስገፍ ከትከሻው ሥጋ ውስጥ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሱ የልባስ ቁርጥራጮችን ለቀምኩ፤ እስከ ሳንባው የዘለቀው አንድ ፍንጣሪ ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ የውድድር አረር ይዤ ጫካ አልገባሁም።

ችግሩ የቆየ ነው። አሜሪካዊው አዳኝ ጆን ኖዝለር እ.ኤ.አ. በ1946 በካናዳ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ግዙፉን የሰሜን አጋዘን ሲያድን አረሮቹ በቂ ጥልቀት ሳይገቡ ስለከሸፉበት፣ የፊቱና የኋላው እርሳስ በመዳብ ግድግዳ የተለያየበትን አረር ሠራ። የፊቱ ክፍል ሲከፈት የኋላው ሳይፈርስ ወደ ውስጥ ይዘልቃል።

አሁን ወደ እርስዎ ልኬት ልምጣ። የአጋዘን ልብና ሳንባ ያለበት ስፍራ በግምት 20 ሴንቲ ሜትር ስፋት አለው። በ100 ሜትር 4.3 ሴንቲ ሜትር የሆነው መራራቅ በ180 ሜትር 8 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ይህም ከመሃል ወደ አንድ ጎን 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ማለት ነው። ስለዚህ ከሦስቱ በትክክለኛነት የሚያንሰው እንኳ ከበቂ በላይ ነው።

መልስ 2፦

ከላይ በተባለው እስማማለሁ፤ ነገር ግን ልኬቱን ራሱን ማመን አይገባም እላለሁ። ሦስት ጥይት በአጋጣሚ አንድ ቦታ ሊያርፍ ይችላል። ከእያንዳንዱ ቢያንስ አሥር ጥይት፣ በርሜሉ እየቀዘቀዘ ይተኩሱና ያወዳድሩ፤ አሁን የሚያዩት ልዩነት መጥበቡ አይቀርም።

ከመዳብ የተሠራ አረር ብዙ ጊዜ አረሩን ከሚያሽከረክረው የበርሜሉ ውስጥ ቦይ መጀመሪያ ራቅ ብሎ ሲቀመጥ ይሻለዋል። ለቦዩ በጣም አቅርበው ሞልተውት ከሆነ 1 ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ቀልሃው ገባ አድርገው ይሞክሩት፤ ባሩዱን ግን ከጥይት መሙያ መመሪያው መነሻ መጠን እንደገና ይጀምሩ። መዳብ ከእርሳስ ስለሚቀል፣ ክብደቱ እኩል የሆነ የመዳብ አረር ርዝመቱ ይበልጣል፤ ቀልሃው ውስጥ የባሩዱን ቦታ ይሻማል፣ ግፊቱም ይጨምራል። በመሆኑም ለ150 ግሬን የእርሳስ አረር የተጻፈውን የባሩድ መጠን ለመዳቡ መጠቀም አደጋ አለው። የጠመንጃው መቀባበያ ለመክፈት ከከበደዎት ወይም የቀልሃው ማቀጣጠያ ጠፍጥፎ ካዩት፣ መመሪያው ከሚፈቅደው በታች ቢሆኑም እንኳ ያቁሙ።

መልስ 3፦

ከመዳቡና ከተጣበቀው አንዱን ለመምረጥ፣ አረሩ እንስሳው ጋ ሲደርስ የሚኖረውን ፍጥነት ማስላት ይገባል። ብዙዎቹ የመዳብ አረሮች በደንብ ለመከፈት በሰከንድ 600 ሜትር ያህል ይፈልጋሉ፤ የእርሳሶቹ ከዚያ ባነሰም ይከፈታሉ። 150 ግሬኑ ከአፈሙዙ በሰከንድ 850 ሜትር ከወጣ በ180 ሜትር ላይ ገና ከ700 በላይ ስለሚኖረው ለእርስዎ ጫካ አያሳስብም። በርሜልዎ አጭር ከሆነ ግን በፍጥነት መለኪያ ያረጋግጡ። እኔ መዳቡን የምመርጠው ሥጋውን ከቤተሰቤ ጋር ስለምበላው ነው፤ የእርሳስ ብናኝ ዓይን ከሚያየው ቁስል አልፎ ይሰራጫል፣ ቢላዋም ሙሉ በሙሉ አያወጣውም።

ጠያቂው፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። እንደተባለው በአሥር አሥር ጥይት ደገምኩት። የውድድሩ ወደ 3.1 ሲሰፋ የተጣበቀው 4.9 ሆነ፤ ከመነሻው መጠን ጀምሬ፣ አረሩን 1 ሚሊ ሜትር ወደ ውስጥ አስገብቼ የሞላሁት መዳብ 4.6 ላይ ቆመ። ይበልጥ ያስደሰተኝ በሦስት የተለያዩ ቀናት ጠዋት፣ ከቀዘቀዘ በርሜል አንድ አንድ ጥይት ስተኩስ ሦስቱም ካነጣጠርኩበት ነጥብ ከ2 ሴንቲ ሜትር በላይ አለመራቃቸው ነው። ለዘንድሮው አደን ሠላሳ ጥይት በመዳቡ ሞልቻለሁ።